ኮቱ ኤክስ፣ ሸሚዙ ዋይ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የስፌት ቤታችን ባለቤት ጋሼ ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስበው፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ መደፋቱን በይፋ አስታወቁ። የተደፋው የጥበቃ ሠራተኞች ልብስ የታዘዘበት ወረቀት ላይ ነው። ኮት ስንት፣ ሸሚዝ ስንት የሚለው ዝርዝር ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል። የተረፈው ድምሩ ነው፤ አርባ ልብስ፣ ደንበኛው ራሱ ቆጥሮ የላከው ሁለት መቶ አርባ አምስት ቁልፍ።

«ደውለን ብንጠይቅስ?» አልኩ ከካውያዬ ጎን ሆኜ።

«ወረቀቱን ካዝና ውስጥ ቆልፌበታለሁ ብያቸዋለሁ» አሉ ጋሼ።

ቆራጫችንን ኢንጂነር ነው የምንለው፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። መቀሱን አነሳና «ሃያ ሃያ ነው። ዓይኔ ሚዛን ነው» አለ።

«ሃያ ሃያ ከሆነ አሥራ አምስት ቁልፍ ይጎድላል» አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው በዚያው ቀን ነበር። መርፌ ላይ እጇ ዘገምተኛ ስለሆነ እንደምትሰናበት ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች። ጠመኔ አንስታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ኮቱን ኤክስ እንበለው።»

«ኤክስን አውቀዋለሁ» አለ ኢንጂነር። «ደብተሬን የሞላው እሱ ነው።»

«ሸሚዙን ዋይ።»

«ማን ሞተ ደግሞ?»

«ኤክስ ሲደመር ዋይ፣ አርባ። ኮት አምስት ቁልፍ ይወስዳል፣ ሸሚዝ ስምንት። ስለዚህ አምስት ኤክስ ሲደመር ስምንት ዋይ፣ ሁለት መቶ አርባ አምስት። ከዚህ በኋላ ወይ በመተካት ነው፣ ወይ በማስወገድ።»

«እዚህ ቤት ሠራተኛም የሚያዘው በነዚሁ ነው» አለ ኢንጂነር። ጋሼ እንዳልሰሙ ሆኑ።

«እናስወግድ። የላይኛውን በአምስት ላብዛው፤ አምስት ኤክስ ሲደመር አምስት ዋይ፣ ሁለት መቶ። ከታችኛው ስቀንሰው ኤክስ ይጠፋል፤ የሚቀረው ሦስት ዋይ፣ አርባ አምስት ነው። ዋይ አሥራ አምስት። አሥራ አምስት ሸሚዝ፣ ሃያ አምስት ኮት።»

ቁልፉን መልሳ አሰላችው። የኮቱ መቶ ሃያ አምስት፣ የሸሚዙ መቶ ሃያ። ልክ መጣ።

«ገባችሁ?» አሉ ጋሼ።

«ገባን» አልን በአንድ አፍ።

«ይቺንማ በልጅነቴ በጣቴ ነበር የምሠራት» አለ ኢንጂነር።

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ» አሉ ጋሼ። «ሁሉም የሚችለው ነገር ነው ማለት ነው። እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ አናስቸግርሽም።»

ጠመኔውን አስቀመጠች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

በሩ ላይ ከደንበኛው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጋር ተላለፉ። ሰውዬው አንድ ከረጢት ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። «የሁለተኛው ቅርንጫፍ ነው፤ ሠላሳ ልብስ፣ መቶ ሰማንያ ስድስት ቁልፍ። ኮትና ሸሚዙ ስንት ስንት እንደሆነ ያው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ወረቀት ላይ አብሮ አለ፣ አይደል?»

«አለ እንጂ» አሉ ጋሼ።

ሰውዬው ሲሄድ ጋሼ ኢንጂነርን አዩት። ኢንጂነር ጠመኔውን አነሳ፤ አሳምሮ አንድ ኤክስ ጻፈ። ከዚያ ቆሞ ያየው ጀመር። እኛም አብረነው አየን።

ጋሼ ወጥተው ደረጃው ላይ ደረሱባት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀብለው ገቡና፣ ከራሳቸው ኮት ጎን ሚስማር ላይ ሰቀሉት።