ኮምፒውተሩ የዳነ ዕለት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጥር ሲገባ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው እፎይ ማለት አያውቅም። ጾሙ ሳይገባ ማግባት ያለበት ሁሉ ይጋባል፤ የተጋባውም በሳምንቱ ቪዲዮዬን ካላየሁ ብሎ በር ላይ ይቆማል። የውበቱ ቪዲዮ ቤትም እንዲሁ ነበር። ከአማኑኤል የመጣ ሙሽራ፣ ከሉማሜ የመጣች የሙሽራ እህት፣ ሁሉም "ደረሰልን?" ይላል። ውበቱ ደግሞ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። "ነገ" ይላል፤ ሰዎቹም እውነት መስሏቸው በማግስቱ ከች ይላሉ።

ኮምፒውተሩን ከሦስት ዓመት በፊት የገጣጠመው ራሱ ነበር። ሥራ እንዲያፋጥንለት ብሎ ፍጥነቱን ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ ከፍ አድርጎታል፤ የሙያው ሰዎች ኦቨርክሎክ የሚሉት ነገር ነው። እንዳይግልብህ ተጨማሪ ማራገቢያ ግዛ ሲሉት "የማርቆስ ብርድ እያለ ማራገቢያ ምን ያደርግልኛል?" ብሎ ይስቅ ነበር። እውነት ለመናገር ብርዱም አላሳፈረውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ማሽኑ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረውም።

ዘንድሮ ግን ሰርጉ በዛበትና ሁለተኛ ራም፣ ማሽኑ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበትን ጊዜያዊ ማኅደር፣ ጨመረ። የገዛው ከአብዱልአሊም ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ የልጅነት ጓደኛው። አብዱልአሊም እየሸጠለት እንኳ አስጠንቅቆት ነበር።

"ይሄ ከድሮው ራምህ ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። ስትጨምረው ፍጥነቱን መጀመሪያ ወደ ልኩ መልሰው። ከዚያ ቀስ እያልህ ትሞክረዋለህ።"

"እሺ" አለ ውበቱ። አልመለሰውም። በማለዳው ብርድ መስኮቱን ከፍቶ አንድ ሰርግ ሞከረበት፤ ሠራ። ፍተሻ የተባለው ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሕሊና መናገር ግድ ነው። ሕሊና የውበቱና የሚስቱ የማሬ አንድ ልጅ ነበረች። አምና በየካቲት፣ በሰባት ዓመቷ፣ ሦስት ቀን አተኩሷት ሞተች። በለቅሶው ሰሞን ዘመድ ሁሉ ወጉን አደረሰ፤ እናትየዋ ባየችው ቁጥር እንዳይብስባት ብሎ የልጅቷን ነገር ሁሉ ከዓይኗ አራቀ። ልብሷ ተጠቅልሎ ይጁቤ ላለች አክስት ተላከ። ፎቶዋ ከግድግዳ ወረደ። የማሬ ታላቅ እህት የኔአለም ደግሞ የማሬን ስልክ ተቀብላ ውስጡ ያለውን የሕሊናን ፎቶና ቪዲዮ አንድ ሳታስቀር አጠፋችው። በክፋት አይደለም፤ እያለቀሰች ነው ያጠፋችው። የውበቱንም ስልክ ስትጠይቀው ሰጣት። ሁሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ ስላለ ምንም አልመሰለው።

"ሙት ዓመቷ እስኪያልፍ ማንም እንዳያሳያት" ተባለ። ማሬም አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችው።

"የልደቷ ቪዲዮ አለ አይደል?"

"አለ" አላት ውበቱ። "ሙት ዓመቷ ባለፈ ማግስት አብረን እናየዋለን።"

ማሬ ዓመቱን የገፋችው በዚህች ቃል ነው። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ሆዷ በባሰ ቁጥር "ስንት ወር ቀረው?" ትላለች እንጂ ሌላ አትጠይቅም ነበር።

እንግዲህ በዚያ ጥር፣ ራሙ በተጨመረ በሦስተኛው ቀን፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ በሰርግ ሞላ። ውበቱ የቤተሰቡን ፋይሎች ወደ አዲስ ዲስክ አዛወራቸው። ኮፒ አላደረገም፤ ቆርጦ ነው የወሰዳቸው። በለቀቁትም ቦታ የሰው ሰርግ ጫነበት። የሕሊና ቪዲዮ ደህና መድረሱን ከፍቶ አላየም፤ ዓመት ሙሉ የልጁን ፊት ለማየት አቅም ያጣ ሰው ነው። በዚህ አይፈረድበትም። በችኮላው ግን ይፈረድበታል።

በሳምንቱ ማሽኑ ታመመ። ሙሽራዋ ኬክ ስትቆርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይቆማል። የሙሽራው እናት እልል ሲሉ ፊታቸው አረንጓዴ ይሆናል። አንዳንዴም ምንም ሳይነካ ጠፍቶ ይነሳል። ውበቱ ልቡ ደነገጠና ሙት ዓመቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የልደቱን ቪዲዮ ከፈተ። አሥራ አንድ ሴኮንድ ሄደ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነና ደረቀ።

ለማሬ "ኮምፒውተሩ ታሟል፣ ሲድን ይከፈታል" አላት። እየዋሸ አልነበረም። ያን ሰሞን ደህናው ሰርግ ሁሉ እየተበላሸ ነበርና የሕሊናም ቪዲዮ ዲስኩ ላይ ጤነኛ ሆኖ፣ ማሽኑ ማንበብ አቅቶት ነው የሚል ተስፋ ነበረው። በዚያ ተስፋ ሁለት ሳምንት ታገለ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነ። አቧራውን አራገፈ። የመብራት ገመዱን ቀየረ። ብቻ ፍጥነቱን አልነካም። በገዛ እጁ የሠራውን ነገር መመርመር ሳይፈልግ ሌላ ሌላውን ሁሉ መረመረ።

ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ወጣ። እሑድ ጠዋት አብዱልአሊም ሱቁን ዘግቶ መጣለት። ማሬ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች።

"ፍጥነቱን መልሰኸው ነበር?" አለ አብዱልአሊም ገና ከመቀመጡ።

ውበቱ ማሽኑን አብርቶ ወንበሩን ለቀቀለት።

"አይ ውበቱ!"

መጀመሪያ እንዳለ በራም መፈተሻ ፕሮግራም ፈተሹት፤ ስክሪኑ በቀይ የስህተት መስመር ሞላ። አዲሱን ራም ነቀሉት። ፍጥነቱን ፋብሪካው ወዳለው መለሱት። መፈተሻውን እንደገና ለቀቁትና ሁለት ሰዓት ሙሉ አፍጥጠው ተቀመጡ። ቀይ መስመር አሁን አንድም የለም። ከዚያ ሰርጎቹን ከፈቱ። ሙሽራዋ ኬኳን ቆረሰች። የሙሽራው እናት በደህና ፊታቸው እልልታውን ጨረሱት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዳነልህ!" አለ አብዱልአሊም።

ውበቱ የልደቱን ቪዲዮ ከፈተ። አሥራ አንድ ሴኮንድ ሄደ። አረንጓዴ ሆነና ደረቀ።

ማሽኑ እስከታመመ ድረስ ጥፋቱ የማሽኑ ነበር። አሁን ጤነኛ ሆኖ ካላነበበው ግን ቪዲዮው ራሱ የለም ማለት ነው። የማሽኑ ሕመም ገና ሳይታወቅ፣ ያን ቀን ሲዛወር እየተበላሸ ነው የተጻፈው። የቀሩትንም የሕሊና ፎቶና ቪዲዮ ሞከሩ፤ አንዱም አልከፈተም። አብዱልአሊም የድሮውን ዲስክ በፋይል መመለሻ አገላበጠው። በሕሊና ቦታ ላይ አራት ሰርግ ተጽፎበታል።

"እኔ ነኝ የሸጥሁልህ" አለ አብዱልአሊም፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

"አንተማ ነግረኸኝ ነበር" አለው ውበቱ።

አዲሱ ራም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ውበቱ አንስቶ ያዘው። መልሶ ቢሰካው፣ ፍጥነቱንም ከፍ ቢያደርገው፣ ማሽኑ እንደገና ይታመማል። ለታመመ ማሽን ደግሞ ማሬ ሌላ ዓመትም ትጠብቅ ነበር። ይህን አሰበ፤ አለማሰቡ ነበር የሚሻለው። ራሙን መልሶ ሳያስቀምጠው ማሬ በሩ ላይ ቆመች።

ጥቁሩን አውልቃለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ እግሯን ታጥባ ነው የመጣችው፤ ልጇ እሷን የምታያት ይመስል። አብዱልአሊም እንደምን ዋልሽ ብሏት ቶሎ ወጣ።

"ዳነ?" አለች።

"ዳነ።"

ፊቷ ሁሉ በራ። ውበቱ ያን ብርሃን ዓመት ሙሉ አላየውም ነበር፤ አሁን በራሱ አፍ ሊያጠፋው ነው።

"ማሽኑ ነው የዳነ፣ ማርዬ። ቪዲዮው የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ስቸኩል አጠፋሁት።"

ማሬ አልጮኸችም። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ነጭ ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ ደጋግማ አስተካከለች።

"ያለውን ክፈትልኝ" አለች።

ከፈተላት። ሕሊና ቢጫ ልብስ ለብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ፊኛ ታስራለች። ካሜራውን የያዘው የውበቱ ድምፅ "ሕሊና! ወደዚህ ዙሪ እስኪ!" ይላል። ሹሩባዋ ይወዛወዛል፤ ጆሮዋ፣ ከዚያ ጉንጯ መታየት ይጀምራል። አረንጓዴ ሆነ።

"ድገመው።"

ስድስት ጊዜ ደገመው። ስድስቱንም ጊዜ ልጅቷ ሳትዞር ቀረች።

"ድምፅዋ ጠፍቶብኛል" አለች ማሬ። "ከመስቀል ወዲህ ነው የጠፋብኝ። ብይዘው ብይዘው አልመጣ አለኝ። ለእህቴም አልተናገርሁም፤ ይሄ አለ ብዬ ዝም አልሁ።"

ውበቱ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም፤ ስክሪኑን ነው የምታየው።

"ስትዞር ምን ብላ መለሰችልህ?"

"'ቆይ አባዬ፣ ፊኛዬ ሊያመልጠኝ ነው' አለች።"

"እንደሷ አድርገህ በለው።"

ውበቱ ጉሮሮውን ጠራረገና አለው። የወጣው የራሱ የጎረነነ ድምፅ ነበር። ማሬ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው።

"አይደለም" አለች።

ድምፁን ቀጠን አድርጎ እንደገና አለው።

"አይደለም፣ ውቤ" አለችው፤ እሱም ደግሞ ሞከረ።