እሜቴ ጀርባዋን ሰጠችኝ

ባለቤቴ፣ እህቷ ወልዳ ልትረዳት ለሦስት ሳምንት ስትሄድ ድመቷን እኔ ላይ ጥላት ሄደች። ድመቷ እሜቴ ትባላለች። ስሙን ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ያወጣሁላት ስም ሰው ፊት አይጠራም።

ጸጉር ቆራጭ ነኝ። ቤቴና ሱቄ በአንድ በር ይገናኛሉ። እሜቴ ያንን በር አልፋ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ትንጋለላለች። ሰው የራሱ ጸጉር ልብሱ ላይ ቢቀርበት ግድ የለውም፤ የድመት ጸጉር ይዞ ሲወጣ ግን እኔን ነው የሚያየኝ።

"እንግዲህ ተስማሙ" አለችኝ ባለቤቴ ሻንጣዋን እየዘጋች። "ካልተስማማችሁ ለእህቴ እሰጣታለሁ። ደግሞ ተንጋልላ ሆዷን ብታሳይህ እንዳትነካት። አምኜሃለሁ ማለቷ ነው እንጂ ዳብሰኝ ማለቷ አይደለም።"

ከዚህ ሁሉ ምክር "ካልተስማማችሁ" የምትለውን ብቻ ያዝኩ። አለመስማማትማ እኔን ማን ያህለኛል!

በማግስቱ ደወልኩ። "ይቺ ድመት ንቃኛለች። ፊቴን ማየት ጠልታ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትጨፍንብኛለች።"

"ውይ፣ ወዳሃለች!" አለች ባለቤቴ። ከልጅነቷ ጀምሮ ድመት ያልተለየው ቤት ያደገች ናት። "ዓይኗን እንደዚያ የምትከድነው ለምትወደው ሰው ነው።"

በሦስተኛው ቀን፣ "ጭንቅላቷን ሱሪዬ ላይ ትጠርጋለች፤ ፎጣ አደረገችኝ" አልኩ።

"ሽታዋን እየቀባችህ እኮ ነው። የኔ ነህ ማለቷ ነው።"

"ጅራቷን እንደ መጥረጊያ እንጨት አቁማ ለጠብ ትመጣብኛለችስ?"

"ሰላም እያለችህ ነዋ!"

እኔ በከሰስኩ ቁጥር ተከሳሿ በነፃ ትለቀቃለች። እንዲህ ያለ ዳኛ አይቼ አላውቅም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ የመጨረሻውን ክስ አቀረብኩ።

"ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ስሠራም፣ ስበላም፣ ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን!"

"እሱን እንኳ አላውቅም" አለች ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ምናልባት እውነትም አልተስማማችሁ ይሆናል።"

አሸነፍኩ! ስልኩን ዘግቼ፣ "ዕቃሽን ሸክፊ" አልኳት እሜቴን። አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደ እኔ አዞረች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ መጡ። ማጅራታቸውን በምላጭ ሳስተካክል እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ምላጩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ጀርባውን እየሰጠኝ ነው የኖርኩት። ምላጭ ለያዘ ሰው ማጅራቱን ሰጥቶ የሚያንቀላፋ፣ ያ ሰውዬ ምንም እንደማያደርገው የሚያውቅ ብቻ ነው። ቀና ስል እሜቴ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደ መንገዱ፣ ጀርባዋ ወደ እኔ። የምትጠራጠረው መንገዱን ነበር፤ ከእኔ መጠንቀቅ አላስፈለጋትም። እንዴት አፈርኩ! ሥራዬ ሆኖ እንኳ አልገባኝም ነበር።

ለባለቤቴ ልደውል ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት የከሰስኩበት አፍ በአንድ ቀን ጠበቃ ይሆናል? እልኸኛ ነኝ፤ ምን ላድርግ።

በማግስቱ የባለቤቴ እህት ባል ባዶ ካርቶን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ቁጥቡ ነው የምንለው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እየተለመነ ነው።

"ልወስድ ነው ጋሼ" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ምኑን ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ካርቶኑ ነገረኝ። አትሄድም እንዳልል ክሱ የራሴ ነው። ዞር ስል እሜቴ ወንበሩ ላይ ተንጋልላ ሆዷን ለጣሪያው ዘርግታለች። ያን ጊዜ ሰይጣን ሹክ አለኝ።

"መጀመሪያ ተዋወቁ እንጂ" አልኩት በማር አፍ። "ሆዷን ዳበስ አድርጋት፤ ስትወድ!"

ምስኪኑ ጎንበስ ብሎ ዳበሳት። አራቱም እግሯ ከነጥርሷ እጁ ላይ ተከደነ። ቁጥቡ በዕድሜው ያጠራቀመውን ቃል በሙሉ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። እጁን አጥቤ፣ ለምላጭ ጭረት የማስቀምጠውን አልኮል ቀብቼ፣ ካርቶኑን ባዶውን አሸክሜ ሸኘሁት። ትንሽ አዘንኩለት። ትንሽ ብቻ።

ሲመሻሽ ባለቤቴ ደወለች። "ሰውየውን ምን አደረግከው?"

"እኔ? እሜቴ ናት እንጂ። አልተስማሙም። ከማትስማማው ሰው ጋር ደግሞ አልልካትም።"

"የት ነው የምትልካት?"

"በካርቶን ሊወስዳት መጥቶ የለ እንዴ!"

"ካርቶኑማ የልጃችን የሕፃንነት ልብስ ሊወስድበት ነው! ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን። ድመቷን ማን ጠየቀህ?"

ቀና ብዬ የቁም ሳጥኑን አናት አየሁ።

"ቆይ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሆዷን እንዳትነካ ያልኩህን አልነገርከውም?"

"ረሳሁት።"

"ረሳሁት!" ሳቋ ሕፃኑን ቀሰቀሰው፤ ልቅሶው በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ሳቋ ሲበርድላት፣ "አሁን የት ናት?" አለችኝ።

"እዚሁ ከእግሬ ሥር። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።"

"አሁንም ተጣልታችኋል?"

"ኤዲያ!" አልኳት። "አንቺ ደግሞ የድመት ነገር ምን ይገባሻል?"