ቢላ ያልነካቸው ገጾች

ልብስ ሰፊው ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ለጓደኛው ለመጽሐፍ ጠራዡ ሰጠውና፣ «ስትጠርዘው አንብበው። ይህን እስከ መጨረሻው ያላነበበ እኔን አያውቀኝም» ብሎት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ሰፊውን «ፈላስፋው» ነው የሚለው። ዓመት ሙሉ ክር ባስገባ ቁጥር የሚያወራው ስለዚሁ መጽሐፍ ነበር።

ጠራዡ ስንቱን መጽሐፍ ጠርዟል፤ አንድም ግን አንብቦ አልጨረሰም። የሃያ ዓመት ጓደኛን አለማወቅ ከበደውና ገባበት።

ገባበት ከማለት ሰጠመ ማለት ይሻላል። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ራሱን ይጠይቃል፦ ይህ ሳቅ የእኔ ነው ወይስ የጓደኛዬ? አረማመዴንስ ከማን ወሰድኩት? በሃያኛው ገጽ ከወንበሩ ተነሣ። ጠራዡ «እሰይ!» አለ። በሃያ አንደኛው ተመልሶ ተቀመጠ።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«ሳቄ የኔ ይመስልሻል?»

«ኧረ የፈላስፋው ነው! በአፍንጫህ መሳቅ የጀመርከው ከሱ ጋር ከገጠምክ ወዲህ ነው።»

ደነገጠ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን የሚያስጥለው አልተገኘም። መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰውየው «ከእንግዲህ አትምጣብኝ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ በጓደኛው በር ሥር ሊያሾልክ ሲል፣ ቀጣዩ ገጽ አልገለጥ አለ። ሉሆቹ ከማተሚያ ቤት ሲወጡ እንደታጠፉ፣ ጫፋቸው እንደተያያዘ ነበር። ከዚያ እስከ መጨረሻው ቢላ የነካው አንድም ሉህ የለም።

«አይ ፈላስፋው! ለካ እሱም አልጨረሰውም!» ጠራዡ እስኪያስለው ሳቀ። ቢላውን አነሣ፤ መልሶም አስቀመጠው። ቢቆርጠው የጓደኛው ጉድ ይወጣል፣ ሃያ ዓመት የተከበረበት ስም ይናዳል። ባይቆርጠው ደግሞ ደብዳቤው ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ መቅረቱ ነው። አንጀቱ እያረረ ጫፉን ሳይነካ ጠረዘው።

በማግስቱ ፈላስፋው ደረቱን ነፍቶ መጣ። «እህስ፣ መጨረሻውን እንዴት አገኘኸው?»

ጠራዡ መጽሐፉን አቀበለው፤ ቢላውንም ጨምሮ። «አልደረስኩበትም። መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆሜ አንተን እየጠበቅኩ ነው።»

ፈላስፋው የታጠፉትን ጫፎች አየ፣ ቢላውን አየ፣ አቀረቀረ።

«እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚያ ላይ ያቆምኩት ደብዳቤው እንዳይደርሰው ብዬ ነው።»

ጠራዡ ወንበር ሳበለት። «በል ቁጭ በል። አንተ ቁረጥ፣ እኔ አነባለሁ። የመጣው ይምጣ።»

ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«የማንኛችሁ ሳቅ ነው?» አለች ሚስትየዋ ከጓዳ።