ቀይ የለበሰ አይጣልም

"ንካው እንጂ! ምን ቆመህ ታየዋለህ ሌቮን? ንካው!"

አሰልጣኝ ፕሩይት ኮፍያውን መሬት ላይ ሲያፈርጠው፣ አጥሩን ተደግፈን የምናይ ሁሉ በሳቅ ፈረስን። እኔም ጭምር! በገዛ ወንድሜ! ግን ብታዩት እናንተም ትስቁ ነበር። ሌቮን ማለት በር የሚያክል ልጅ ነው፤ ሲቆም ፀሐይ ይጋርዳል። ዌንደል ደግሞ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ሲስቅ ጉንጩ ስርጉድ የሚል (እሺ፣ እወደዋለሁ፣ ምን ይጠበስ!)። ወደ ግራ የሚሄድ መስሎ በቀኝ ሹልክ ሲልበት ወንድሜ አየር አቅፎ ቀረ።

"ይቅርታ ወንድሜ!" አለው ዌንደል እየሮጠ ዞር ብሎ። "የያዝከው ጥላዬን ነው! እሱን ልቀቅልኝና ልሂድበት!"

ዌንደል በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለው ነው። ያው ኳሱን መጀመሪያ የሚቀበለው፣ ከዚያ ወይ የሚወረውረው፣ ወይ ለጓደኛው የሚያቀብለው፣ ወይ ራሱ ይዞት የሚበረው ልጅ። ግን የኮሌጃችን ዋናው ኳርተርባክ እሱ አይደለም፤ የተቀያሪው ተቀያሪ ነው። አራት ዓመት ሙሉ እውነተኛ ጨዋታ ላይ አንዲት ደቂቃ እንኳን ገብቶ አያውቅም! ሥራው ምን መሰላችሁ? ቅዳሜ የሚመጣብንን ቡድን ኳርተርባክ መሆን! ልጁን በቪዲዮ ያየዋል፣ አሯሯጡን ይቀዳል፣ እንዴት ምራቁን እንደሚተፋ ሳይቀር ይቀዳል፤ ከዚያ የእኛ ተከላካዮች እንዲለምዱት ሳምንቱን ሙሉ ያንን ልጅ ሆኖ ይጫወታል። ልምምድ ላይ ቀይ ማሊያ ይለብሳል። ቀይ የለበሰ አይጣልም። በሁለት እጅ ነካ ካደረጉት በቃ፣ እንደወደቀ ይቆጠራል። ይሄንን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

በዚያ ሳምንት የሆነው ታይሪክ ቦልዲንን ነበር፤ የማርሎው ኮሌጁን። ወይኔ ታይሪክ! እሱ ኳስ መወርወር ብዙም አይሆንለትም፤ ይዞ መሮጥ ነው። የሮጠ ዕለት ደግሞ የተከላካዮቹን ስም ማንም አያስታውስም። ለሌቮን የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ታይሪክን መጠበቅ።

"ኳሱን ርሳው" ይለዋል አሰልጣኙ። "ሰውየውን እይ። ወደ ጎን ሲሄድ አብረህ ሂድ፣ ሲቆም ቁም። ቀድመህ የዘለልክ ዕለት አለቀልህ።"

ወንድሜ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም! ይዘላል፤ ዌንደል ያልፋል። ይዘላል፤ ያልፋል።

"አያቴ ከነምርኩዟ ታመልጥሃለች!" ጮኸ አሰልጣኙ። "ቅዳሜ እናቶቻችን ፊት ልንዋረድ ነው!"

እናቶቻችን ያለው ዝም ብሎ አይደለም። ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳችን ጨዋታ ነበር፤ ተመራቂዎቹ ከእናቶቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሜዳ የሚገቡበት። ለዌንደልም አሰልጣኙ ቃል ገብቶለት ነበር። በመጨረሻ ሊጫወት! በራሱ ቁጥር፣ በራሱ ስም! እናቱ ሚስ ኦዴሳ ከታች ከባሕሩ ጠረፍ ድረስ ነድታ ልትመጣ ነው። የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አይለቋትም። ለዚህች አንድ ቅዳሜ ስትል የምስጋና ቀንን፣ ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ሲበላ፣ እሷ ልትሠራ ተስማምታ ነው ፈቃድ ያገኘችው።

እና ረቡዕ ዕለት ያ ነገር ሆነ።

ዌንደል ኳሱን ለጓደኛው ሰጥቶ ጨርሷል። ፊሽካው ተነፍቷል። እጁን አውርዶ፣ እየሳቀ፣ ለሌቮን አንድ ተረብ ሊወረውርለት ዞር አለ። ወንድሜ ግን አልቆመም። በትከሻው ገብቶ ብድግ አደረገውና መሬት ላይ አፈረጠው፤ ከነሙሉ ክብደቱም ላዩ ላይ ወደቀበት። ድምፁን አጥሩ ድረስ ሰማነው። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር ያለ ድምፅ።

አሁን ማንም አልሳቀም።

ሌቮን ተንበርክኮ እጁን የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው። "ዌን? ዌን፣ በእናትህ ተነሣ! ዌን!"

ደሜን የሚያፈላው ምን መሰላችሁ? አሰልጣኝ ፕሩይት እየሮጠ መጥቶ መጀመሪያ ቸብ ቸብ ያደረገው የሌቮንን ጀርባ ነው! "አለህ እኮ! ስነግርህ የከረምኩት ይሄንን አይደል? ቅዳሜ ይሄንኑ ድገምልኝ!" ከዚያ ነው ወደ ዌንደል ያጎነበሰው።

የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ነበር። በቃ፣ ቅዳሜ የለም። ሌላ ቅዳሜም የለውም፤ ተመራቂ ነዋ።

በማግስቱ ግቢው ሁሉ ለወንድሜ "መጥረቢያው" የሚል ስም አወጣለት። ምግብ ቤት ብቅ ሲል "መጥረቢያው መጣ!" እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፤ እሱ ከበሩ ይመለሳል። ቢሰድቡት እኮ ይሻለው ነበር! ማንም አልሰደበውም። ሁሉም ያመሰግነዋል።

ዓርብ ከሰዓት እማዬ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በላስቲክ አድርጋ ሁለታችንን ወደ ዌንደል ላከችን። መኝታ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ክንዱ ደረቱ ላይ በጨርቅ ታስሯል፤ ያም ሆኖ ቆንጆ ነው፣ ምን ላድርግ! ኦቾሎኒውን በአንድ እጁ ሊፈለፍል ሲታገል ሳይ አላስቻለኝም፣ ሄጄ መፈልፈል ጀመርኩ። ሌቮን ግን የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

"ግባ እንጂ፣ በሩን ተክተህ ልትቀር ነው?" አለው ዌንደል።

"አሰልጣኙን አናገርኩት" አለ ሌቮን በአንድ ትንፋሽ። "ለማርሎዎችም ደውሎላቸዋል፣ እሺ ብለዋል። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ትገባለህ። ኳሱን በደኅናው እጅህ ትቀበላለህ፣ ማንም አይጠጋህም፣ በርከክ ስትል ሙከራው ያበቃል፣ ትወጣለህ። ሕዝቡ ያጨበጭብልሃል። እናትህም ታይሃለች።"

ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነዋ! ዌንደል ግን ማኘኩን አቆመ።

"አይሆንም።"

"ለምን? ዌን፣ ሁሉም እኮ እሺ ብሏል..."

"አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው እየመሰልኩ ነው የተጫወትኩት። በየሳምንቱ ሌላ ሰው። አንድ ቀን ብቻ ነበር እኔን ሆኜ የምገባው። አሁን ደግሞ ራሴን ላስመስል?"

ሌቮን በሩን ተደገፈ።

"ፊሽካውን አልሰማህም ነበር አይደል?" አለው ዌንደል ቀስ ብሎ። አጠያየቁ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ አልሰማሁም በለኝ ብሎ የሚለምን ይመስል ነበር።

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። "ሰምቻለሁ" አለ። "ስትስቅ አየሁህና... ሰምቻለሁ።"

ውጭ ልጆች ኳስ እየተቀባበሉ ይንጫጫሉ። እኔ ያንኑ አንድ ኦቾሎኒ ደጋግሜ እፈለፍላለሁ።

"ለእማዬ የጣልከኝ አንተ መሆንህን አልነገርኳትም" አለ ዌንደል በመጨረሻ። "አንተም እንዳትነግራት። ላንተ ብዬ ደግሞ እንዳይመስልህ! ያንን ሁሉ መንገድ ብቻዋን ነድታ ስትመለስ ንዴት ተሸክማ እንድትሄድ ስለማልፈልግ ነው። ዴሊያ፣ አንቺም አፍሽን ዝጊ።"

"እኔ?! ከእኔ ወሬ ወጥቶ ያውቃል?" አልኩ። ሁለቱም አዩኝ። እሺ፣ ያውቃል።

ቅዳሜ ሚስ ኦዴሳ መጣች። ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ደቃቃ ሴት! የልጇ ቁጥር ያለበት ማሊያ እስከ ጉልበቷ ወርዶ ቀሚስ መስሏል። ከጨዋታው በፊት የዌንደልን ደኅናውን ክንድ ይዛ ሜዳውን ስታቋርጥ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ የዓይኔ ኩል የት እንደደረሰ አላወራም። ከዚያ መጥታ ማን አጠገብ ብትቀመጥ ጥሩ ነው? እኛ አጠገብ!

"ልጄ ስለዚህ ሌቮን አውርቶ አይጠግብም" አለቻት እማዬን። "የትኛው ነው ያንቺው?"

እማዬ በጣቷ አሳየቻት። ሌቮን ያደረገውን ያንኑ ረቡዕ ማታ ነግሯታልና ቀና ብላ አላየቻትም።

"ያ ትልቁ? ጌታዬ! ምንድን ነው የምታበሉት?"

ከዚያ ጀምሮ የወንድሜን ስም እየጠራች ነው የጮኸችው። "አይዞህ ሌቮን! ያዝልኝ ያንን ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ የኔ ጌታ!" በጮኸች ቁጥር እማዬ ወንበሯ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ታንሳለች።

እና ወንድሜ ተጫወተ! አንድም ጊዜ ቀድሞ አልዘለለም! ታይሪክ ወደ ግራ፣ ሌቮን ወደ ግራ። ታይሪክ ቆም፣ ሌቮን ቆም። ዌንደል ከሜዳው ዳር ሆኖ "ጠብቅ... ጠብቅ... አሁን!" ይላል፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ። ግን አንድ ነገር አየሁ። ሌቮን ታይሪክን ይይዘዋል እንጂ አይደፋውም። ያቅፈውና ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሲሆን ታይሪክ ሁልጊዜ አንዲት እርምጃ ወደፊት ተስቦ ነው የሚወድቀው።

"ምታው እንጂ አትቀፈው!" ይላል አሰልጣኝ ፕሩይት። "ሙሽራህ ነው እንዴ!"

መጨረሻው ደረሰ። በሦስት ነጥብ እየመራን ነው። ማርሎዎች ከመስመራችን ሁለት እርምጃ ላይ ናቸው፤ የመጨረሻ ሙከራቸው ነው፤ መስመሩን ኳስ ይዘው ካለፉ ስድስት ነጥብ ያገኛሉ፤ ካገድናቸው ጨዋታው የእኛ ነው። የተቀመጠ ሰው የለም። ታይሪክ ኳሱን ለጓደኛው የሰጠ አስመሰለ፤ የእኛዎቹ በሙሉ ያንን ባዶ እጁን የሆነ ልጅ ተከትለው ነጎዱ! ሌቮን ብቻ አልተሸወደም። ጠበቀ። ታይሪክ ኳሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በጎን ሲወጣ፣ ወንድሜ ገና መስመሩን ሳያሳልፈው ደረት ለደረት ገጠመው። ያዘው! ሚስ ኦዴሳ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። የታይሪክ ሁለት እግሮች ከመሬት ተነሥተዋል። እዚያው ወደ ኋላ ቢያፈርጠው አለቀ፣ አሸነፍን!

ወንድሜ ዞረ። ታይሪክ መሬት እንዳይመታ ብሎ ራሱ ከሥር ሆኖ በጀርባው ወደቀ። ታይሪክ ደረቱ ላይ አረፈ፤ ኳሱም አብሮት መስመሩን በክንድ ያህል አለፈ።

ተሸነፍን።

አሰልጣኝ ፕሩይት አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ከእኛ መቀመጫ በታች ሌቮንን ጠብቆ፣ "የረቡዑ ልጅ የት ሄደ?" አለው ብቻ።

"እሱን ነው የፈራሁት፣ ኮች" አለ ሌቮን፣ እና አለፈው።

ከጨዋታ በኋላ ሁሉም ቤተሰብ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የሚበላው፤ ብንሸነፍም ይበላል። ሚስ ኦዴሳ የመኪናዋን ኋላ ከፍታ ምግብ ደርድራለች። "ዶሮ ሳምንቱን ሙሉ ሳይ ስለምውል ዓሣ ነው የጠበስኩት፣ እንዳትቀየሙኝ" ትላለች ላለፈ ላገደመው። ሌቮን ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ በሌላ በኩል ሊያልፍ ሲል ማየት!

"አንተ! ወዴት ነው? ና ወዲህ ልጄ!"

መጣ። ሳህን ሞልታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ዓሣ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ጎመን፣ ዓሣ እንደገና።

"ቀና በል። ኳስ ነው፣ ሰው አልሞተም። እኔ ያየሁትን ልንገርህ? ያንን የሰው ልጅ እንደ እንቁላል ነው ያወረድከው። እናቱ የት እንዳለች አላውቅም፤ ያለችበት ሆና ትመርቅህ። የኔም ልጅ ያን ዕለት እንዳንተ ያለ ሰው ላይ ወድቆ በነበር!" ዓይኗን በማሊያዋ እጅጌ ጠረግ አደረገች። "ግን ምን ይደረግ፣ እርጥብ ሣር አዳለጠው። ሣር ደግሞ አይከሰስ።"

ዌንደል መኪናውን እንደተደገፈ ወንድሜን አየው፤ ራሱን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ ወዘወዘ። እማዬ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። እኔ እንኳን፣ እኔ!፣ ትንፍሽ አላልኩም።

"ብላ እንጂ" አለች ሚስ ኦዴሳ። "ሲቀዘቅዝ አይጥምም።"

ሌቮን ዓሣውን አየ። ዌንደልን አየ። ከዚያ ሳህኑን ሳይነካው መኪናው ላይ አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ሚስ ኦዴሳ" አለ፣ "ሣሩ እርጥብ አልነበረም።"