ድልድዩን የማይሻገረው ሥርጭት

ኮሪን በቴሌቪዥን ለመዝፈን እሺ ያለችው እማማ ዊኒ ስለማሉላት ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ሥርጭታችን የሚሄድበት ገመድ ድልድዩ ጋ ያልቃል። ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው እኛን ልይ ቢል ዋና መቻል አለበት» ብለዋት ነበር።

እውነታቸውን ነው። ጣቢያው በቀድሞው ትምህርት ቤት ምድር ቤት ያለ አንድ ክፍል ሲሆን የሚያንቀሳቅሱት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ያለ ደሞዝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አሳታሚም ሥራ አስኪያጅም የሌላቸው የአካባቢው ሙዚቀኞች በቀጥታ ይቀርባሉ። እማማ ዊኒ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪዎች አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የፕሮግራሙ አቅራቢ ሆኑ። ከተማው ግማሹ በእሳቸው አውቶቡስ ያደገ ስለሆነ እማማ የማይላቸው የለም። ካሜራውን የሚይዘው ዳቦ ጋጋሪው ኦርቪል ነው።

ኮሪን ወደዚህች በአሜሪካ፣ በቬርሞንት ግዛት ያለች ከተማ የመጣችው በአንድ ሻንጣና በጊታሯ ነበር። የቀድሞ ባሏ ሮይስ አጠገቧ እንዳይደርስ ፍርድ ቤት ከልክሎታል፤ ግን ወረቀት በር ሆኖ አይቆምም። ስለዚህ ሄስተር የሚለውን ስሟን ጥላ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥራ፣ አንገቷን ደፍታ መኖር ጀመረች። ባለፈው መከር ፕሮግራሙ ላይ አንዴ ዘፈነች። የመጣ ነገር አልነበረም። ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ቀረበች።

ሁለት ዘፈን እንደዘፈነች እማማ ዊኒ እንደ ልማዳቸው ስልኩን ከፈቱ። የሚደውለው ሰው ድምፅ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ተመልካቹም ፕሮግራሙን የሚወደው ለዚህ ነው።

«ልጅቷስ ጎበዝ ናት» አሉ የመጀመሪያዋ ደዋይ፣ አንዲት አሮጊት። «ኦርቪል ግን ካሜራውን ለሰው ይስጥና የትናንቱ ዳቦ ላይ የረሳውን ጨው ይፈልግ።»

«ጨው ለደም ግፊትዎ ጥሩ አይደለም ብዬ እኮ ነው!» አለ ኦርቪል ከካሜራው ጀርባ። ኮሪንም ሳቀች።

ሁለተኛው ደዋይ ወንድ ነበር። ከኋላው አንዳች ከባድ ነገር ሲንከባለልና እንጨት ሲንኳኳ ይሰማል።

«አንድ ዘፈን ብትዘፍንልኝ» አለ፣ ረጋ ብሎ።

«የትኛውን፣ የኔ ጌታ?» አሉ እማማ ዊኒ።

«ስለ በረዶ ቤቱ የሚለውን።»

እማማ ዊኒ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንዴ! ይኼን ደብቀሽን ነው?»

ኮሪን የጊታሩን ክር እንደያዘች ቀረች። ያን ዘፈን የሰማው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ ገና ሳይመታት በፊት።

እማማ ዊኒ ፊቷን አዩና ማይክራፎኑን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ምን ሆንሽ?»

«እሱ ነው» አለች ኮሪን። «በምን አገኘኝ?»

እማማ ዊኒ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎች የሠሩትን ካሴት እርስ በርስ ይላላካሉ፤ አንዱ የሌላውን ያሳያል። እማማ ዊኒ ደግሞ በኮሪን ኮርተው ነበር።

«የመከሩን ካሴት ለየከተማው ላክሁት… የእኛን ልጅ እዩልን ብዬ» አሉ። «የማልኩት ስለ ገመዱ ነው። ፖስታ ቤቱን ረሳሁት።»

ኮሪን ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። የዛሬው ካሴት አይደለም። ሰውየው የሚያያት አሁን ነው። ገመዱ ድልድዩ ጋ የሚያልቅ ከሆነ ሮይስ ከድልድዩ ወዲህ ነው ማለት ነው። እንጨቱ እንደገና ተንኳኳ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው፣ ከባድ ኳስ እያንከባለሉ እንጨት የሚጥሉበት ቦውሊንግ አዳራሽ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ሁልጊዜ እንደበራ ነው። የሚቀረው መንገድ መሻገር ብቻ ነው።

«ላጥፋው?» አለ ኦርቪል በሹክሹክታ።

«አታጥፋው! ከጠፋ እኔም መውጣቴ መሆኑን ያውቃል።»

የእማማ ዊኒን እጅ ከማይክራፎኑ ላይ አነሳች።

«ቦውሊንግ አዳራሽ ያላችሁ ሰዎች… ስልክ ይዞ የቆመው ሰውዬ የቀድሞ ባሌ ነው። እንዳይቀርበኝ ፍርድ ቤት ከልክሎታል። እባካችሁ፣ እዩት።»

በስልኩ ውስጥ አንድ ኳስ ተንከባሎ ሲያልቅ ተሰማ። ሌላ አልተከተለውም። የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

«ሄስተር» አለ። «በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

ከዚያ ስልኩ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው አነሳው። «እማማ፣ ቴርማን ነኝ። ወጥቷል፤ እኛም እየወጣን ነው። ፖሊስ ተጠርቷል። በሩን ቆልፉ!»

በሩ ቁልፍ አልነበረውም። ኦርቪል የካሜራውን ማቆሚያ ነቅሎ በሁለት እጁ ጨበጠና በሩን በእግሩ ደገፈ። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ ቀይ መብራቱ እንደበራ፣ መቅረጹን ቀጠለ። ኮሪን የመጣላትን መዝፈን ጀመረች፤ ያን ዘፈን ግን አይደለም። ግጥሙ ሲጠፋት የመጀመሪያውን ስንኝ ትደግመዋለች። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ መጣ። የበሩ እጀታ ዞረ።

«ማነው?» አለ ኦርቪል።

«ቴርማን ነኝ።»

«ቴርማን ከሆንክ» አሉ እማማ ዊኒ፣ «አውቶቡሴ ላይ ምን አደረግህ?»

«ሰው ይሰማል እኮ፣ እማማ» አለ ከበሩ ኋላ።

«ተናገር!»

«አስታወክሁ። የሹፌር ባርኔጣዎ ውስጥ።»

«ክፈትለት» አሉ።

አምስት ስድስት ሰዎች ተጋፍተው ገቡ። ኮት የደረበ የለም። የተከራዩትን ባለ ሁለት ቀለም የቦውሊንግ ጫማ እንዳደረጉ በበረዶ ላይ ሮጠው መጥተዋል፤ ወለሉ በውሃ ራሰ። መኪናውን አስነሥቶ ወደ ድልድዩ ሄደ አሉ። ያዙት ወይ ብትላቸው አናውቅም አሉ።

ስልኩ ጠራ። ሁሉም ዞረው አዩት። እማማ ዊኒ አንሥተው አዳመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ፖሊሶቹ ድልድዩ ላይ ይዘውታል» አሉ።

አንዱ ሳቀ፣ አንዱ የኦርቪልን ትከሻ መታው። ኮሪን አልተንቀሳቀሰችም። ጣቶቿ ክሩ ላይ እንደተጫኑ ነበሩ።

«በቃ፣ እህቴ» አላት ኦርቪል፣ ካሜራውን እያቃና። «ሰዓታችን አልፏል። ከዚህ በኋላ የሚሄድ ሥርጭት የለም።»

«ይሁን» አለች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሳ። «የካሜራውን ቀይ መብራት ግን ትንሽ ተወው።»

ኦርቪልም ተወው።