የአባባ ጆሮ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በዚህ ቤት ይኸው ተረት እውነት ሆኖ ከረመ። ልጅቷ ታውቃለች፣ ወንድሟ ያውቃል፣ ጎረቤት ሳይቀር ሰምቷል፤ ሆዳቸውን የታመሙት አባት ብቻ አያውቁም። ከሆዳቸው ናሙና ተወስዶ ለምርመራ ተልኳል፤ ሐኪሙ የጠረጠረው ክፉውን በሽታ ነው። ልጅቷ ግን "ተራ ጨጓራ ነው አባባ፣ አያስቡ" አለቻቸው። እሳቸውም "እሰይ ልጄ" አሏት። ሐኪሙንም ኮሪደር ላይ ይዛ ለምናዋለች፤ ውጤቱ ሲደርስ ለእኔ ይደውሉልኝ፣ አደራዎን ለእሳቸው እንዳይነግሩብኝ ብላ።

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠርተው ጆሯቸውን ለመጋዙ ገብረው የወጡ ሰው ናቸው። አምና ልጆቻቸው ተዋጥተው በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ ስልክም የሚያነጋግር የጆሮ መስሚያ ገዙላቸው። የእሳቸው ስልክ ያቺው ባለ ቁልፏ አሮጌ ስለሆነች መስሚያው የተገናኘው ከልጅቷ ስልክ ጋር ነው፤ "የአባባ ጆሮ" ብላም ስም አወጣችለት። ጠዋት ጠዋት ዜና ትከፍትላቸዋለች፤ እሳቸውም ሳሎን ተቀምጠው ከዜና አንባቢው ጋር ሲጣሉ ያረፍዳሉ። ዜናው ሲያልቅ ብሉቱዙን ታጠፋዋለች።

ዛሬ ረሳችው። የሚያስፈራ ስልክ የሚጠብቅ ሰው ምን ያስታውሳል?

ጓሮ ልብስ እያጠበች ሳለ ስልኩ ጮኸ። የሐኪሙ ቁጥር ነው። አረፋውን እንኳ ሳታራግፍ አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"ሃሎ? ዶክተር?"

ጸጥ።

"ሃሎ! አይሰማኝም ዶክተር!"

ኔትወርኩን ልትራገም አፏን ስትከፍት ከሳሎን የአባቷ ድምፅ መጣ።

"አቤት! አዎ፣ እኔው ራሴ ነኝ... እሷማ ልብስ እያጠበች ነው። ለእኔ ይንገሩኝ።"

ስልኩን ከጆሮዋ አላቃ አየችው። "የአባባ ጆሮ" ይላል። ድምፁን ወደ ስልኩ ለመመለስ ስክሪኑን ነካች፤ እርጥብ ጣት አልቀበልም አለ። በቀሚሷ ጠረገች፣ ነካች፣ እንደገና ጠረገች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

"እሺ..." ይላሉ አባቷ ከውስጥ። "እሺ ዶክተር... ገባኝ።"

ከዜና አንባቢው ጋር የሚጣሉት ሰውዬ ዛሬ አንድም ቃል አልተከራከሩም። ይሄ ከሁሉ በላይ አስፈራት።

ስክሪኑ ሲታዘዝላት ጥሪው ተዘግቶ ነበር።

ሮጣ ገባች። አባቷ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስኮቱን ያያሉ።

"አባባ! ምን አሉዎት?"

ዞር ብለው አዩዋት። ከእጇ ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውን አረፋ አዩ፣ ፊቷን አዩ።

"ዶክተሩ ነው" አሉ ፈገግ ብለው። "ውጤቱ ደርሷል። ተራ ጨጓራ ነው አለኝ፤ አታስቢ ልጄ።"

ከሐኪሙ አፍ አንድም ቀን ጨጓራ የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ቃሉ የእሷ ነበር።

"እሰይ አባባ" አለች።