ተጠባባቂዋ ቴሳ

ቴሳ ዋሊንግ ሕክምና ለመማር ስታመለክት ይህ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም «አይሆንም» አሏት፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። ዘንድሮ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ተጠባባቂ አድርጎ ያዛት፤ ይኸው ሐምሌ እየተገባደደ ነው፣ ድምፁ የለም። ትምህርት የሚጀመረው በነሐሴ ነው። ቦታ ካገኙት መካከል አንዱ የተሻለ ትምህርት ቤት ጠርቶት ካልቀረ በቀር እሷን የሚፈልጋት የለም። የሰው ትርፍራፊ መጠበቅ ማለት ይሄ ነው።

ተጠባባቂ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም። «አሁንም እፈልጋችኋለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ይህን ይህን በጎ ሥራ ሠርቻለሁ» እያለ ደብዳቤ ይልካል። ቴሳ ለደብዳቤው የሚሆን በጎ ሥራ ፍለጋ ላይ ታች ስትል መላውን ያመጣችው እናቷ ናት። የከተማቸው ሆስፒታል ዘመድ የሌላቸው ሕሙማን ብቻቸውን እንዳይሞቱ አጠገባቸው የሚቀመጡ በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል።

«ይሄማ ደብዳቤውን የሚያነቡትን ያስለቅሳቸዋል» አለች እናቷ፣ ሳህን እያጠበች።

ቴሳ አፈረች። አፍራም ተመዘገበች።

የደረሷት ኦርቪል ሃስኬል የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በእህል ጎተራ ሥራ የፈጁ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። ሳንባቸው አልቋል፤ ምላሳቸው ግን እንደ ጤነኛ ነው።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ? ዘመዴ አይደለሽ» አሏት ገና እንደተቀመጠች።

መዋሸት አቃታትና ስለ ተጠባባቂነቷም፣ ስለ ደብዳቤውም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ።

«ሁለታችንም ተጠባባቂ ነን በይኛ! የእኔ እንኳ ሰፊ ቦታ አለው፤ ማንንም አይመልሱም።»

«ኧረ ሚስተር ሃስኬል፣ እንዲህ አይበሉ።»

«ተይኝ እባክሽ። ደብዳቤው ላይ ብቻ መልከ መልካም ነበር ብለሽ ጻፊልኝ፤ አደራ።»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው «ዶክተር፣ ደወሉ?» ሆነ። «አልደወሉም» ስትላቸው ትምህርት ቤቱን ከነአስተማሪዎቹ ይሰድቡላታል። ቴሳ ወደደቻቸው። ለደብዳቤው ብላ የጀመረችውን ለሰውየው ብላ ትመላለስ ጀመር፤ ይሄ እውነት ነው፣ ማንም አይቀማትም።

የሆስፒታሉ ደንብ አንድ ነው፤ ሕመምተኛው ሊሞት ሲቃረብ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ስልኩን ያጠፋል። ነርሷ ዊኖና በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

«ዛሬ ሳይሆን አይቀርም» አለቻት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ። «ስልክሽስ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

አላጠፋችውም። ትምህርት ቤቶቹ ተጠባባቂን የሚጠሩት በስልክ ነው፤ ያላነሳውን አልፈው ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ ይባላል። ይባላል እንጂ እርግጡን የሚያውቅ የለም። ግን ሦስት ዓመት ፊት የነሱት ሰው የሚባለውን ሁሉ ያምናል።

ስልኩ ኪሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የሽማግሌው እጅ በእጇ ነበር። አውጥታ አየችው። መነሻ ቁጥሩ የትምህርት ቤቱ ከተማ ነው።

ኦርቪል ዓይናቸውን ገለጡ። «አንሺው» አሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። «እነሱ ናቸው። ሂጂ አንሺው፣ ዶክተር።»

እጃቸውን ለቃ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች።

«እርስዎን የሚመለከት አስቸኳይ ጉዳይ ስላለ እባክዎ ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ» አለ የተቀዳ የሴት ድምፅ፤ ሙዚቃም ተከተለ። ቴሳ ጠበቀች። መጠበቅ መቼም ታውቅበታለች። ግድግዳ ተደግፋ የምትመልሰውን በሆዷ እየደጋገመች ጠበቀች። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ ብቅ አለና የመኪናዋ ዋስትና ሊያበቃ መሆኑን አበሠራት። እነዚህ አጭበርባሪዎች የፈለጉትን ከተማ ቁጥር አስመስለው እንደሚደውሉ በዚያ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም። ቴሳም ታውቃለች። መኪናውም ቢሆን የእናቷ ነው።

ስትመለስ ዊኖና አልጋው አጠገብ ቆማለች። የሽማግሌው እጅ ቴሳ እንደለቀቀችው መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል።

«የት ነበርሽ?»

ቴሳ ስልኩን እንደጨበጠች ቆመች። ዊኖና ስልኩን አየች፤ ከዚያ እሷን አየች።

«አንድ ነገር ነው የጠየቅንሽ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ።» ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታት አንሶላውን ማስተካከል ያዘች።

በማግሥቱ ቴሳ ደብዳቤውን ልትጽፍ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ሐሳቧ እውነቱን ልትጽፍ ነበር። ግን «ስልክ ላነሳ ብዬ ጥያቸው ወጣሁ» የሚል ደብዳቤ ማን ይልካል? «የመጨረሻ ትንፋሻቸውን ሲተነፍሱ እጃቸው በእጄ ነበር» ብላ ጻፈች። እናቷ አንብባ አለቀሰች፤ «አሁኑኑ ላኪው» አለቻት። ላከችው።

እውነተኛው ስልክ የተደወለው እናትና ልጅ ለእራት በቆሎ ሲልጡ ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ዲኗ ራሳቸው ነበሩ።

«ቴሳ፣ አንድ ቦታ ተለቋል፤ ያንቺ ነው። ደብዳቤሽን ለኮሚቴው ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዓይኑ እንባ ያላቀረረ አልነበረም።»

እናቷ የያዘችውን በቆሎ ጥላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ቴሳ ደስ አላት፤ ከልቧ ደስ አላት። በዚህም ራሷን ጠላች።

«አዲስ ተማሪዎች ነጭ ጋዋን በምትለብሱበት በዓል ቀን ደብዳቤውን ለሁሉም እንድታነቢላቸው እንፈልጋለን» አሉ ዲኗ።

«እሺ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በመጨረሻ ያሉሽ ነገር ነበር? ደብዳቤው ላይ አላየሁትም።»

እናቷ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለች በእጇ ትጠይቃታለች።

«‘ዶክተር’ ብለው ጠሩኝ» አለች ቴሳ።

«ጨምሪው» አሉ ዲኗ። «እባክሽ ይሄንንም ጨምሪው።»

«እሺ» አለች ቴሳ። «እጨምረዋለሁ።»